የልብ ተለዋጭ መንገድ፦ ከናዝሬት የጥጥ ቤት እስከ ጥቁር አንበሳ ግቢ

የዓድዋ ድል ስድስት ወር ሆኖታል። ዘመን ሊለወጥ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በጀርመኗ ፍራንክፈርት ከተማ አንድ የ22 ዓመት አትክልተኛ ደረቱን በጩቤ ተወግቶ ሆስፒታል ገባ። ዶክተር ሉድቪግ ሬን ሌላ ምርጫ አልነበራቸውምና ደረቱን ከፍተው የሚደማውን ልብ በሦስት የሐር ስፌት ሰፉት። ጊዜው እ.ኤ.አ. መስከረም 1896 ነበር። ወጣቱም ዳነ። እስከዚያ ቀን ድረስ ልብ የሐኪም መርፌ የማይደፍረው የአካል ክፍል ተደርጎ ይታይ ነበር።

ከዚያች ስፌት ተነሥቶ ዛሬ «ባይፓስ» የምንለው ቀዶ ሕክምና እስኪስፋፋ 71 ዓመት ወሰደ። ከባይፓስ ደግሞ ኢትዮጵያ የራሷ የልብ ቀዶ ሕክምና ማዕከል እስኪኖራት ሌላ 42 ዓመት አለፈ። ይህ ትረካ የዚያን ረጅም ጉዞ ይከተላል። ጉዞው በአዳማ በኩልም ያልፋል።

የሬን ሕመምተኛ ቁስሉ ትንሽ ነበር፤ ልቡ እየመታ ሊሰፋ ቻለ። የልብን ውስጥ ከፍቶ መጠገን ግን ሌላ ነገር ነው። ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል፤ በዚህ መካከል ረቂቅ ስፌት መስፋት በሚጋልብ ፈረስ ላይ ኮርቻ እንደ መጫን ነው። ልቡ እንዲቆም ቢደረግ ደግሞ አንጎል ያለ ደም ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይታገሥም።

እ.ኤ.አ. በ1931 ቦስተን ውስጥ ጆን ጊበን የተባሉ ወጣት ሐኪም በአንዲት ታማሚ አልጋ አጠገብ ሲጠብቁ አደሩ። ሴትየዋ የሐሞት ከረጢቷን ቀዶ ሕክምና ካደረገች በኋላ የረጋ ደም ሳንባዋ ውስጥ ገብቶ ነበር። ጊበን ደሟ እየጠቆረ፣ ትንፋሿ እያጠረ ሲሄድ ሌሊቱን ሙሉ አዩ። ይህን የጠቆረ ደም ከሰውነቷ አውጥቶ፣ ኦክስጅን ሰጥቶ የሚመልስ መሣሪያ ቢኖር ትተርፍ ነበር ብለው አሰቡ። ሴትየዋ አልተረፈችም፤ ሐሳቡ ግን ከሐኪሙ ጋር ቀረ። ከባለቤታቸው ከሜሪ ጋር ሆነው ከ20 ዓመት በላይ ያንን መሣሪያ ሲሠሩ፣ ሲያፈርሱ፣ እንደገና ሲሠሩ ኖሩ።

ከጥጥ መዳመጫ ወደ ልብ ማዳመጫ

በእነዚያው ዓመታት ኢትዮጵያ ተወረረች፤ በአርበኞቿ ተጋድሎም ነፃ ወጣች። በምድር ባቡሩ ሐዲድ ዳር ባደገችው ናዝሬት፣ በዛሬዋ አዳማ፣ አንድ የጥጥ መዳመጫ ቤት ሥራ ፈትቶ ቆሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 ከሰሜን አሜሪካ የመጡ የሜኖናይት ክርስቲያኖች ያንን ቤት ሆስፒታል አደረጉት። ሆስፒታሉም በሸዋ ጠላትን ሲዋጉ ለወደቁት አርበኛ ለኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ ሆነ። የዛሬው የአዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ የዚያ ቤት ወራሽ ነው።

የጥጥ መዳመጫ የነበረው ቤት የልብ ማዳመጫ ያዘ። በዚያም ድሬሰሮች ሠለጠኑ። ቁስል ማጠብን፣ መርፌ መውጋትን፣ ወባን መለየትን ተምረው ለአካባቢው ሕዝብ ደረሱለት። ልቡን ታምሞ ለሚመጣ ሰው ግን፣ እዚያም ሆነ በዓለም ታላላቅ ሆስፒታሎች፣ የሚደረግለት ጥቂት ነበር። ሐኪሙ ያዳምጣል፤ የልብን ጉልበት የሚያግዝ መድኃኒት ይሰጣል፤ ተኛ፣ ጨው ቀንስ ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ለፈጣሪ የሚተው ነበር።

ሰባት ዓመት እንዳለፈ፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 6 ቀን 1953፣ የጊበን መሣሪያ ለውጤት በቃ። በፊላደልፊያ አንዲት የ18 ዓመት ወጣት በልቧ ግድግዳ ላይ የነበረው ቀዳዳ ተደፈነላት። ቀዶ ሕክምናው ሲካሄድ ለ26 ደቂቃ የልቧንም የሳንባዋንም ሥራ የሠራው መሣሪያው ነበር። ወጣቷ ድና ወደ ቤቷ ተመለሰች። ቀጥለው የተሞከሩት ሕመምተኞች ግን በመሞታቸው ጊበን ሐዘኑን አልቻሉትምና ተዉት። ሌሎች ሐኪሞች ተቀብለው አሻሻሉት። ዛሬ በየትኛውም የልብ ቀዶ ሕክምና ክፍል የምናየው የልብና ሳንባ መሣሪያ የዚያ ልጅ ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1956፣ አስራት ወልደየስ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ወጣት ከስኮትላንዱ የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል አገለገሉ፤ ዳግመኛም ኤድንብራ ሄደው ቀዶ ሕክምና ተማሩ። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ቀዶ ሐኪም ሆነው የታወቁት፣ በኋላም የአዲስ አበባውን የሕክምና ፋኩልቲ ካቋቋሙት አንዱ የሆኑት ፕሮፌሰር አስራት እኚሁ ናቸው። ስማቸውን አንባቢ ይያዝልኝ፤ ትረካው ወደ እሳቸው ይመለሳል።

የገጠር ሐኪሙ እና ከእግር የተወሰደው ሥር

ልብ ለመላው ሰውነት ደም ይረጫል፤ እሱ ራሱ ግን በውስጡ ከሚያልፈው ደም አይጠጣም። የሚመገበው በላዩ ላይ ከተዘረጉ ሁለት ቀጫጭን ደም ቅዳ ቧንቧዎች ነው፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። የግራው ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። የሲጋራ፣ የደም ግፊት፣ የስኳርና የኮሌስትሮል ጉዳት ለዓመታት ሲጠራቀም በእነዚህ ቧንቧዎች ግድግዳ ላይ ቅባት ይጋገራል፤ መተላለፊያው ይጠባል። ሰውየው ዳገት ሲወጣ ደረቱ ይጨነቃል፤ ሲያርፍ ይተወዋል። አንድ ቀን የተጋገረው ቅባት ይሰነጠቅና ደም ይረጋበታል። ያን ጊዜ ከዚያ ወዲያ ያለው የልብ ጡንቻ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል።

የጠበበው ቦታ የት እንደሆነ ግን ማን አይቶ ያውቃል? መልሱ በድንገት ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1958 በክሊቭላንድ ክሊኒክ ሜሰን ሶንስ የተባሉ ሐኪም የአንድ ወጣት ሕመምተኛን ልብ በቀጭን ቱቦ ሲመረምሩ፣ ቱቦው አምልጦ የቀኙ ደም ቅዳ ውስጥ ገባ፤ ቀለሙም እዚያው ፈሰሰ። የሕመምተኛው ልብ ለጥቂት ጊዜ ቆመ። ሶንስ «ሳል!» ብለው ጮኹበት፤ ሰውየው ሳለ፤ ልቡም ተነሣ። በፊልሙ ላይ ደም ቅዳው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተስሎ ታየ። ዛሬ በእጅ አንጓ ወይም በብሽሽት በኩል ቱቦ አስገብቶ የልብን ሥሮች ማንሣት፣ አንጂዮግራም የምንለው፣ ከዚያ ቀን ድንጋጤ የተወለደ ነው።

የተዘጋው ቦታ ከታወቀ ዙሮ ማለፍ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮበርት ጌትዝ በኒው ዮርክ፣ በ1964 ደግሞ ቫሲሊ ኮሌሶቭ በሌኒንግራድ ከደረት ግድግዳ ጀርባ የሚወርደውን ደም ቅዳ ከልብ ሥር ጋር አገናኙት። ሁለቱም በጊዜያቸው ብዙ ሰሚ አላገኙም።

ሕክምናውን ለዓለም ያዳረሱት አርጀንቲናዊው ሬኔ ፋቫሎሮ ናቸው። ፋቫሎሮ ሃሲንቶ አራውስ በምትባል የገጠር ከተማ ለ12 ዓመት በሐኪምነት አገልግለዋል። ከሐኪም ወንድማቸው ጋር የቀዶ ሕክምና ክፍል አቋቁመው፣ ደም ለጋሾችን ከመንደሩ ሰው መዝግበው፣ እናቶችን ስለ ሕፃናት ንጽሕና አስተምረው ነበር። ከዚያ ወደ ክሊቭላንድ ሄደው እንደገና ተማሪ ሆኑ፤ የሶንስን ፊልሞች ማታ ማታ እያዩ አጠኑ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 9 ቀን 1967 ከአንዲት ሴት እግር ላይ ደም መልስ ሥር ወስደው በልቧ ላይ የተዘጋውን ቦታ አሻገሩበት። ሰው ያለ ብዙ ጉዳት የሚቸረው ይህ የእግር ሥር ለብዙ ሚሊዮኖች መዳኛ ሆነ። ፋቫሎሮ በ1971 ያን ሁሉ ክብር ትተው ወደ አርጀንቲና ተመለሱ፤ በአገራቸውም የልብ ሐኪሞችን አሠለጠኑ።

ከዚያ በኋላ ቢላ የማያስፈልገው መንገድም ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1977 አንድሪያስ ግሩንትሲግ ዙሪክ ውስጥ የጠበበውን ሥር በትንሽ ፊኛ ከውስጥ ከፈቱት። ኋላ ፊኛው የከፈተውን ደግፎ የሚይዝ ስቴንት የሚባል የሽቦ ቱቦ ተጨመረ። ዛሬ አንድ ወይም ሁለት ሥር የጠበበበት ሰው ብዙ ጊዜ ስቴንት ይበቃዋል። ዋናው የግራ ሥር ወይም ሦስቱም ሥሮች ሲጎዱ፣ በተለይ ሕመምተኛው ስኳር ካለበት፣ ባይፓስ ይመረጣል።

የሕፃናቱ ልብ

ዓለም በዚህ ሲራመድ የኢትዮጵያ ሐኪሞች ከፊታቸው የነበረው ሌላ የልብ ሕመም ነበር። ጉሮሮው በባክቴሪያ የቆሰለ ሕፃን ሳይታከም ሲቀር፣ ሰውነቱ ባክቴሪያውን ሊዋጋ ያዘጋጀው ኃይል ዞሮ የራሱን የልብ ቫልቮች ያቆስላል። ይህ የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። በርካሽ ፔኒሲሊን ሊከለከል የሚችል ሆኖ ሳለ ቫልቩ አንዴ ክፉኛ ከተበላሸ ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና መፍትሔ የለውም። ቀዶ ሕክምናው ደግሞ ባሕር ማዶ ነበር።

የሕፃናት የልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ በየቀኑ የሚያዩት ይህንኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 የኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከልን መሠረቱ። ሕፃናትን ወደ ውጭ እየላኩ ማሳከም ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ ሁለት ኢትዮጵያውያን ሕፃናትን ለመርዳት ከአንድ ሐኪም የቀረበ ጥያቄ እስራኤል ውስጥ ዶክተር አምራም ኮሄን «የሕፃንን ልብ አድን» የተባለውን ድርጅት እንዲያቋቁሙ ምክንያት ሆነ። ሆሎን ከተማ በሚገኘው የዎልፍሰን ሆስፒታል ከብዙ አገር የመጡ ሕፃናት ታከሙ፤ ከሠለጠኑት ሐኪሞች መካከልም ኢትዮጵያውያን አሉበት።

አሁን ወደ ፕሮፌሰር አስራት እንመለስ። በፖለቲካ ምክንያት ለዓመታት ታስረው የቆዩት ሐኪም በእስር ላይ ልባቸው ታመመ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1998 ሲለቀቁ ለሕክምና ወደ አሜሪካ ተወሰዱ። ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. በ70 ዓመታቸው አረፉ፤ ያረፉባትም ከተማ የጊበን መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ያዳነባት ፊላደልፊያ ናት። ስንቱን ኢትዮጵያዊ በቀዶ ሕክምና ያዳኑት ሰው ለገዛ ልባቸው ውቅያኖስ መሻገር ነበረባቸው። በአገራቸው የልብ ቀዶ ሕክምና ማዕከል አልነበረምና።

ያ ማዕከል ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2001 ዓ.ም.፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ተከፈተ። ዶክተር በላይ 20 ዓመት ለደከሙበት ሕልም ከአገር ውስጥም ከውጭም ብዙዎች አዋጡ። መጀመሪያ ላይ ቢላውን የያዙት ከአውሮፓና ከሌላም ቦታ እየተመላለሱ በነፃ የሚያገለግሉ ቡድኖች ነበሩ። መጥተው ለአንድ ሳምንት ይሠራሉ፤ ሲሄዱ ክፍሉ ጭር ይላል። ኋላ ግን ውጭ ተምረው የተመለሱ ኢትዮጵያውያን ቀዶ ሐኪሞች፣ የልብና ሳንባ መሣሪያ ባለሙያዎችና ነርሶች ሥራውን ተረከቡ። ፋቫሎሮ ወደ አርጀንቲና እንደተመለሱ፣ እነዚህም ተመለሱ። አሁንም ተራ የሚጠብቁ ሕፃናት በሺዎች ይቆጠራሉ፤ እጥረቱም የመሣሪያና የአላቂ ዕቃ ነው። አንጂዮግራምና ስቴንት ግን በአዲስ አበባ የመንግሥትና የግል ሆስፒታሎች ይሠራል። ለባይፓስ ብዙዎች ዛሬም ሕንድ፣ ታይላንድ ወይም ቱርክ ይሄዳሉ።

ሁለት መንገድ፣ አንድ ትምህርት

በ2007 ዓ.ም. መባቻ የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ሥራ ጀመረ። ከዚያ በፊት ሁሉም በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሞጆ በኩል ባለው አሮጌ መንገድ ከጅቡቲ ጭነት መኪኖች ኋላ ተሰልፎ ይጓዝ ነበር። አዲሱ መንገድ ሲሠራ አሮጌውን ማንም አላፈረሰውም፤ አላሰፋውምም። በጎኑ ሌላ ተዘረጋ፤ መኪናው በዚያ አለፈ።

ባይፓስ ማለት ይኸው ነው። ሐኪሙ የተጋገረውን ቅባት አይፍቅም። የጠበበው ሥር ባለበት ይቀመጣል፤ ደሙ በተለዋጭ መንገድ ዙሮ ያልፋል። ስለዚህ ሕክምናው መንገድ ይሰጣል እንጂ መንገዱን የዘጋውን ምክንያት አያነሣም። ከእግር ከተወሰዱት ሥሮች ግማሽ ያህሉ በአሥር ዓመት ውስጥ ሊጠቡ ወይም ሊዘጉ ይችላሉ። ከደረት የሚወሰደው ደም ቅዳ ግን ከአሥር ዘጠኝ ጊዜ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ልዩነቱን የሚያጠብበው የሕመምተኛው ኑሮ ነው።

የፍጥነት መንገዱ በሚያደርስባት አዳማ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. መስከረም ወር የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። የጥጥ ቤት ሆስፒታል በሆነባት ከተማ ጨርቃ ጨርቅና ልብስ እንደገና የብዙ ሺህ ሰው እንጀራ ሆነ። ከስፌት መኪናው ፊት የሚሠሩት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። የሩማቲክ የቫልቭ ሕመም ራሱን የሚገልጸው በዚህ ዕድሜ ነው፤ ብዙ ጊዜም በእርግዝና ወቅት። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ የሚያጥራትን፣ ማታ ያለ ሁለት ትራስ የማትተኛውን ልጅ «ደም ማነስ ነው» ብሎ ማለፍ ሕይወት ያስከፍላል። የእሷ አባት፣ ወይም ወደ ፓርኩ የሚያደርሳት ሾፌር፣ ደግሞ የደም ቅዳው ሕመም ዕድሜ ላይ ነው። ደረቱን ሲጨንቀው ጨጓራ ነው፣ ብርድ ነው ይላል፤ ጫት ላይ ተቀምጦ ከሆነ ደግሞ ምርቃናው ነው ይላል። ጫት ግን ራሱ የልብ ምትንና ግፊትን ይጨምራል፤ የልብን ሥሮችም ያጠብባል። ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ የሚዛመት፣ በላብና በማቅለሽለሽ የታጀበ የደረት ጭንቀት ከደቂቃዎች በላይ ከቆየ ቦታው ሆስፒታል ነው። እዚያም የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚያነብበው ምርመራ፣ ኢሲጂ፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ መነሣት አለበት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

ከቢላው በኋላ

ባይፓስ የታዘዘለት ሰው የሚያልፍበት እንዲህ ነው። ሙሉ ሰመመን ይሰጠዋል። የደረቱ አጥንት መሐል ለመሐል ይከፈላል። ደሙ ወደ መሣሪያው ይዞራል፤ ልቡም ፖታስየም ባለበት ቀዝቃዛ ፈሳሽ ይቆማል። በማጉያ መነጽር ከፀጉር በቀጠነ ክር አዲሶቹ ሥሮች ይሰፋሉ። ከዚያ ደም ይለቀቃል፤ ልቡ ይነሣል። አጥንቱ በማይዝግ ሽቦ ይታሰራል፤ ሽቦውም እዚያው ይቀራል። ሥራው ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ይወስዳል።

ሕመምተኛው የሚነቃው በጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ገብቶ ነው። ቤተሰብ ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ አይደነግጥም። በማግሥቱ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ በሁለተኛው ሦስተኛው ቀን ተደግፎ ይራመዳል። ሲስል ትራስ ደረቱ ላይ አቅፎ ነው። ነገሩ ያለ ችግር ከሄደ በሳምንት ገደማ ይወጣል።

ቤት ሲገባ ሁለተኛው ሕክምና ይጀምራል። አጥንቱ እስኪገጥም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈልጋል፤ ሙሉ ጥንካሬውን እስኪያገኝ ሦስት ወር። እስከዚያ ከባድ ዕቃ አያነሣ፣ በር በጉልበት አይግፋ፣ መኪና አይንዳ። በየቀኑ ግን ይራመድ፤ ዛሬ እስከ በሩ፣ ነገ እስከ ጎረቤት፣ ከሳምንታት በኋላ ግማሽ ሰዓት። ሥር የተወሰደበት እግር ያብጣል፤ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይረዳል። እንቅልፍ ማጣት፣ ሆድ መባስ፣ ያለ ምክንያት ማልቀስ ብዙዎች ላይ ይደርሳል፤ ያልፋል፤ ካላለፈ ለሐኪም ይነገር። ትኩሳት፣ ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽ፣ ደረት ሲንቋቋ መስማት፣ አዲስ ትንፋሽ ማጠር ግን ወዲያው ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ናቸው። ሥራው ቀላል የሆነ ከስድስት ሳምንት በኋላ ሊመለስ ይችላል፤ ጭነት የሚያነሣ ሦስት ወር ይጠብቅ።

የእኛ ቤት ፍቅር እዚህ ላይ መታረም አለበት። በሽተኛ ሲነሣ «ይጠንክር» ብለን ቅቤ የበዛበት ገንፎ፣ የሰባ መረቅ እናቀርባለን። ለዚህ ሰው ግን ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ዘይትና ጨው የቀነሰው ወጥ ይሻለዋል። ጠያቂ ይምጣ፤ ግን ክፍሉን አይሙላ፤ ጉንፋን የያዘው ይቅር። አስፕሪኑና ኮሌስትሮል የሚቀንሰው መድኃኒት ደህና ነኝ ብሎ የሚተው አይደለም። ጸበል የሚሄድ መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፤ የሚጾምም፣ በዐቢይ ጾም ቢሆን በረመዳን፣ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

ሬን በሦስት ስፌት ጀመሩት፤ ጊበን 22 ዓመት ለፉበት፤ ፋቫሎሮ ከገጠር ክሊኒክ ይዘውት መጡ፤ ዶክተር በላይ ጥቁር አንበሳ ግቢ አደረሱት። መንገዱ እስከ ደጃችን መጥቷል። አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ የጉሮሮ ሕመም የሚመላለስበት ልጅ ካለ ዛሬ አሳክመው። ዳገት ሲወጣ ደረቱን የሚይዝ አባት ካለህ ግፊቱንና ስኳሩን አስለካለት፤ ኢሲጂ አስነሣው። ታክሞ የተመለሰ ካለህ ደግሞ መድኃኒቱን መውሰዱን ጠይቀው፤ ማታም አብረኸው ተራመድ።